ማሪፖሳን ያዳነው እሳት፦ በዮሴሚቲ ብሔራዊ ፓርክ የታቀደ ቃጠሎ የሃምሳ ዓመት ጉዳይ

ጁላይ 7 ቀን 2022 ከቀትር በኋላ፣ በካሊፎርኒያ ዮሴሚቲ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ዋሽበርን ከሚባለው የእግረኛ መንገድ አጠገብ ጭስ ታየ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የጻፍኩት አንድ ቦታ ብቻ ስለሆነ እዚያው እጠቅሰዋለሁ።) ጭሱ የታየበት ደን ማሪፖሳ ይባላል። ከ500 በላይ ያረጁ ግዙፍ የሴኮያ ዛፎች የቆሙበት ነው። ከመካከላቸው ግሪዝሊ ጃይንት የሚሉት ዛፍ ቁመቱ 64 ሜትር ገደማ ሲሆን ዕድሜው ወደ 3,000 ዓመት ይገመታል። የአክሱም ሐውልቶች በተጠረቡበት ዘመን ይህ ዛፍ ሺህ ዓመት ያለፈው ሽማግሌ ነበር ማለት ነው።

በዚያ ቀን መብረቅ አልወረደም። የፓርኩ ኃላፊዎች እሳቱ በሰው ምክንያት የተነሣ መሆኑን ገለጹ። ብዙም ሳይቆይ በአቅራቢያው ያለችው የዋዎና መንደር ነዋሪዎችና በድንኳን ያደሩ ጎብኚዎች አካባቢውን ለቀው እንዲወጡ ተደረገ፤ የፓርኩ ደቡብ በርም ተዘጋ። የእሳቱ ወላፈን ምን ያህል ኃይለኛ እንደነበረ የሚያሳይ አንድ ነገር ልጥቀስ። እሳት ማጥፊያ ኬሚካል ለመርጨት ይበር የነበረ አብራሪ፣ ትልቅ ቅርንጫፍ ከመሬት ተነሥቶ በአውሮፕላኑ በላይ ሲያልፍ ማየቱን በሬዲዮ አሳወቀ። የሚንተከተከው አየር እንጨቱን እንደ ገለባ አንሥቶ ወደ ሰማይ ወርውሮት ነበር።

ይህን የሰማ ሁሉ ማሪፖሳ አበቃላት ብሎ ነበር። ለዚያ ስጋት በቂ ምክንያትም ነበረው። በ2020 ካስል የተባለው ሰደድ እሳት በደቡባዊ ሴራ ኔቫዳ ተራሮች ከዓለም ትልልቅ ሴኮያዎች ከ10 እስከ 14 በመቶ የሚሆኑትን እንደገደለ ተገምቷል። በዓመቱ በ2021 ኬ ኤን ፒ እና ዊንዲ የተባሉ እሳቶች ተጨመሩ። ሁለቱ ዓመታት አንድ ላይ ሲታሰቡ ከታላላቆቹ ሴኮያዎች ከ13 እስከ 19 በመቶ የሚሆኑት እንደጠፉ ተገምቷል። ሺህ ዓመት፣ ሁለት ሺህ ዓመት በእሳት መካከል የኖረ ዛፍ በሁለት በጋ እንዲህ ሲረግፍ ማየት ለደን ሰዎች ሐዘን ነበር፤ እኔም ቁጥሮቹን መጀመሪያ ሳነብ ማመን አቅቶኝ ደግሜ አንብቤያቸዋለሁ።

ማሪፖሳ ግን አላለቀችም። እሳቱ ወደ ሴኮያዎቹ ሲደርስ ከዛፍ አናት ወደ አናት መዝለሉን ተወና መሬት ለመሬት ይሳብ ጀመር። ነበልባሉ አጠረ፤ ሠራተኞች ቀርበው በአካፋና በውኃ ሊይዙት የሚችሉት እሳት ሆነ። ዋነኛው ግንባር ደኑን ትቶ ወደ ሌላ አቅጣጫ፣ ወደ ሴራ ብሔራዊ ደን ዞረ። በመጨረሻ 2,000 ሄክታር ገደማ ተቃጠለ። ስም ያላቸው ታላላቅ ዛፎች ቆመው ተረፉ፣ ቤት አልተቃጠለም፤ ማሪፖሳም በኦገስት መጀመሪያ ለጎብኚ ተከፈተች።

በዚያው ሰሞን የፓርኩ ባለሙያዎች ለጋዜጠኞች የሰጡት ማብራሪያ ሁሉ ወደ አንድ ነገር ያመለክት ነበር። እሳቱ አቅም ያጣው ከ1971 ጀምሮ በማሪፖሳ ሆን ተብሎ ሲለኮስ የኖረ እሳት ማገዶውን አስቀድሞ በልቶበት ስለነበረ ነው።

በእንጨት ምድጃ አጠገብ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልገውም። ገለባና ደረቅ ቅጠል ክብሪት እንደነካው ቦግ ይላል። ጭራሮ ይከተላል። ፍልጥ ከጭራሮው ይይዛል፤ ግንድ ደግሞ ፍልጡ በደንብ ሲግም ብቻ ይያያዛል፣ ከያዘ በኋላ ግን ሲነድ ያድራል። የሰደድ እሳት ባለሙያዎች ማገዶን የሚከፍሉት በዚሁ መንገድ ነው። የእነርሱ መለኪያ እንጨቱ ከአየሩ ጋር ለመድረቅ ወይም ለመርጠብ የሚፈጅበት ጊዜ ነው፦ ሣርና ስንጥር የ1 ሰዓት፣ ጣት የሚያህለው የ10 ሰዓት፣ ክንድ የሚያህለው የ100 ሰዓት፣ ከዚያ በላይ ያለው ግንድ የ1,000 ሰዓት ማገዶ ይባላል። እሳት የሚኖረው በሙቀት፣ በአየርና በማገዶ ነው። የነፋሱንና የፀሐዩን ነገር ሰው አያዝዝበትም። ከሦስቱ በእጃችን ያለው ማገዶው ብቻ ነው።

በማሪፖሳ ደግሞ ማገዶው የተጠራቀመው በደግነት ነበር። ነገሩ የሚያሳዝነውም በዚህ ነው።

ከጥንት ጀምሮ በእነዚህ ተራሮች መብረቅ እሳት ይለኩስ ነበር፤ ነባሮቹ የሚዎክ ሕዝቦችም ሣሩ እንዲለመልም፣ መንገዱ እንዲጠረግ፣ አደኑ እንዲቀና ደኑን በየጊዜው ያቃጥሉ ነበር። የድሮ ሴኮያዎች ግንድ ሲመረመር የእሳት ጠባሳ በዕድገት ቀለበቶቹ ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ እሳት በአንድ ቦታ በየጥቂት ዓመቱ ይመላለስ እንደነበረ ከዚያ ይነበባል። በ1851 የታጠቀ ጭፍራ ወደ ዮሴሚቲ ሸለቆ ገብቶ ነባሩን ሕዝብ አፈናቀለ። በ1864 ፕሬዚዳንት ሊንከን ሸለቆውና የማሪፖሳ ደን ለሕዝብ ጥቅም እንዲጠበቁ ፈረሙ። ጥበቃ ማለት ግን እሳትን ማጥፋት ማለት ሆነ። በመጀመሪያ ወታደሮች፣ በኋላም የፓርክ ጠባቂዎች እያንዳንዱን ጭስ እየሮጡ አጠፉ። በ1935 የአሜሪካ የደን አገልግሎት የታየ እሳት ሁሉ በማግስቱ እስከ ጠዋቱ አራት ሰዓት እንዲያዝ መመሪያ አወጣ፤ የዘመኑ መንፈስ ይህ ነበር።

መቶ ዓመት ገደማ ያለ እሳት ሲያልፍ ጥላ የሚወዱ የፈር ዛፎች በሴኮያዎቹ ሥር ጥቅጥቅ ብለው በቀሉ። ቅጠሉና ቅርንጫፉ ሳይቃጠል ተከማቸ። ድሮ እሳት ሲመጣ በሴኮያው እግር ስር አለፍ ይል ነበር፤ አሁን እነዚህ ወጣት ዛፎች መሰላል ሆነውለት ከመሬት ወደ አናት የሚወጣበትን መንገድ አበጁለት። ሴኮያ ግርጌው ላይ 60 ሴንቲ ሜትር ሊደርስ የሚችል ወፍራም ቅርፊት አለው፤ ሙጫም ብዙ የለውም። ስለዚህ ከታች የሚመጣን እሳት ይችለዋል። አናቱ ከተቃጠለ ግን የሚያድነው የለም።

ሪቻርድ ሃርትስቬልት የተባለ ተመራማሪ ወደ ማሪፖሳ የገባው ሌላ ነገር ሊያጠና ነበር። ብዙ ሰው ይጎበኘዋልና የጎብኚው እግርና መንገዱ ዛፎቹን እየጎዳ ይሆን? በ1962 ያጠናቀቀው የዶክትሬት ጥናቱ ያሳየው ትልቁ ችግር ግን የእሳት መጥፋት መሆኑን ነው። በደኑ ውስጥ የሴኮያ ችግኝ አይታይም ነበር። የሴኮያ ፍሬ የዶሮ እንቁላል ያህላል፤ አረንጓዴ እንደሆነ፣ እንደተዘጋ፣ ዛፉ ላይ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል። ከሥሩ የሚወጣው የእሳት ሙቀት ሲያደርቀው ይከፈትና ከአጃ ቅንጣት የማይበልጡ ስስ ዘሮቹን ያዘንባል። ዘሩ ደግሞ በረገፈ ቅጠል ላይ ከወደቀ ሥሩ አፈር ሳይደርስ ይደርቃል። የሚፈልገው እሳት የጠረገው፣ አመድ የነካው ባዶ አፈር ነው። ዛፉን ከእሳት ስንጠብቀው ልጅ እንዳይወልድ ከልክለነው ኖረናል።

ከሃርትስቬልት ጎን ለጎን በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ሃሮልድ ቢስዌል ደን ማቃጠልን ሲሰብክ ኖሯል። ሰዎች «ሃሪ ችቦው» ይሉት ነበር፤ ስሙ የወጣለት ለአድናቆት ብቻ አልነበረም። በ1963 ስታርከር ሊዮፖልድ የመሩት የባለሞያዎች ቡድን ለአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ባቀረበው ሪፖርት የሴራ ደኖች በወጣት ዛፎች መታፈናቸውንና አደጋው እየከበደ መሆኑን አስጠነቀቀ። የፓርኮች አገልግሎት በ1968 ፖሊሲውን ለወጠ። ዮሴሚቲ በ1970 ማቃጠል ጀመረ፤ በዓመቱ ተራው የማሪፖሳ ሆነ።

የታቀደ ቃጠሎ ሲባል ክብሪት መጫር ብቻ የሚመስለው ሰው ይኖራል። ሥራው የሚጀምረው ከእሳቱ ወራት በፊት ነው። የሚቃጠለው ቦታ ይከለላል፤ ዙሪያው እስከ አፈሩ ድረስ ተጠርጎ መስመር ይወጣለታል። በትልልቅ ዛፎች ግርጌ የተከማቸው ቅጠልና ቅርፊት በመንሽና በመጥረጊያ ይጠረጋል፤ ካልተጠረገ እዚያው ተዳፍኖ ለቀናት እየጤሰ ሥሩን ይቀቅለዋል። የሙቀቱ፣ የአየሩ እርጥበትና የነፋሱ ልክ አስቀድሞ በጽሑፍ ይቀመጣል፤ የዕለቱ አየር ከዚያ ልክ ከወጣ ሰው ሁሉ ተሰልፎ ከመጣ በኋላ እንኳ ሥራው ይሰረዛል። ጭሱ ወደ ከተማ እንዳይወርድ የአየር ጥራት ባለሥልጣናት ፈቃድ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ተሟልቶ የሚገኝባቸው ቀኖች በዓመት ጥቂት ናቸው።

ቀኑ ሲደርስ በመጀመሪያ አንድ ጥግ ላይ ትንሽ መሞከሪያ እሳት ይለኮሳል፤ ሁሉም ቆመው ያዩታል። ጭሱ ወዴት ያዘነብላል? ነበልባሉ ጉልበት ይደርሳል ወይስ ቁርጭምጭሚት? ባሰቡት መንገድ ከሄደላቸው ከቁልቁለቱ አናት ጀምረው ወደ ታች ይወርዳሉ፤ እሳት ሽቅብ መሮጥ ስለሚወድ ከታች ከጀመሩ ያመልጣቸዋል። በእጃቸው የሚይዙት ማንቆርቆሪያ የመሰለ የብረት ዕቃ ነው፤ ውስጡ ናፍጣና ቤንዚን የተደባለቀበት፣ ከአፉ እሳት ጠብ ጠብ የሚል። ሠራተኛው እየተራመደ አንድ መስመር ያንጠባጥባል፤ መስመሩ ሽቅብ ነዶ ከተቃጠለው ጋር ይገናኝና ይከስማል። ከዚያ ጥቂት ወርዶ ሌላ መስመር። እሳቱን በትንሽ በትንሹ እያጎረሱ የሚያሳድሩት ይመስላል። ማታ ሰው ይቀራል፤ በማግስቱም ጭስ እየፈለገ በእጁ ጀርባ አመዱን እየዳሰሰ የሚዞር ሰው አለ።

ይህ ሥራ ምስጋና አይበዛበትም። በ1980ዎቹ በጎረቤቱ ሴኮያ ብሔራዊ ፓርክ የታቀደ ቃጠሎ የዛፎቹን ቅርፊት አጠቆረው ተብሎ ቅሬታ በመነሣቱ ጉዳዩን የሚመረምር የሊቃውንት ቡድን እስከ መቋቋም ደርሶ ነበር። የዛፉ ጥቁር ጠባሳ ለጎብኚው ዓይን ጉዳት ይመስላል።

ያመለጠ እሳት የሚያደርሰው ጥፋት ግን እውነተኛ ነው፤ ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ለተጎዱት ሰዎች ደግ አይሆንም። ሜይ 4 ቀን 2000 በኒው ሜክሲኮ በባንደሊየር የፓርኮች አገልግሎት ራሱ የለኮሰው ቃጠሎ አምልጦ ወደ ሎስ አላሞስ ከተማ ገባ፤ 19,000 ሄክታር ገደማ ነድዶ ከ400 በላይ ቤተሰቦች ቤት አልባ ሆኑ። በ2022 ደግሞ፣ ከማሪፖሳው እሳት ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ እዚያው ኒው ሜክሲኮ ውስጥ የደን አገልግሎት ሠራተኞች ኤፕሪል 6 የለኮሱት እሳት በነፋስ ከእጃቸው ወጣ። ሌላው ደግሞ የባሰ ያስደነግጣል። በጥር ወር የተቃጠለ የእንጨት ክምር ጠፍቷል ተብሎ ተትቶ ነበር፤ ክረምቱን ሙሉ በረዶ እየወረደበት ረመጡ ከሥር ተዳፍኖ ቆይቶ በኤፕሪል ተነሣ። የኛ እናቶች ማታ ፍሙን በአመድ ዳፍነው ያድሩና ጠዋት ገለጥ አድርገው በጭራሮ የሚያቀጣጥሉበት ዘዴ ነው፤ በዚያ ተራራ ላይ የዳፈነው በረዶው ነበር። ሁለቱ እሳቶች ተገናኝተው 138,000 ሄክታር ገደማ አቃጠሉ፤ በግዛቲቱ ታሪክ ትልቁ ሰደድ እሳት ሆነ። የደን አገልግሎቱ በሜይ ወር የታቀደ ቃጠሎን በመላው አገር ለ90 ቀናት አቆመ።

እንግዲህ ዋሽበርን፣ በእግረኛ መንገዱ ስም የተጠራው የማሪፖሳው እሳት፣ የተነሣው ሰው የታቀደ ቃጠሎን በሚያማርርበት በዚያው በጋ ነበር። በዮሴሚቲም ሌላ ክርክር ነበር። ከጁን አጋማሽ ጀምሮ አንድ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ፓርኩ ዛፍ እየቆረጠ ማገዶ የሚቀንስበትን ፕሮጀክት በፍርድ ቤት ከሶ ነበር። የከሳሾቹን ስጋት አላናንቅም፤ «ማገዶ መቀነስ» በሚል ሽፋን ትልልቅ ዛፍ ተቆርጦ የተሸጠበት ቦታ አለ፣ መጠርጠራቸውም ተገቢ ነው። ሆኖም ከ2012 እስከ 2016 በዘለቀው ድርቅ በካሊፎርኒያ ከ100 ሚሊዮን በላይ ዛፎች ሞተው ቆመዋል ወይም ወድቀዋል። በጥር 2021 የመጣ ማዕበልም በማሪፖሳ ብቻ 15 ግዙፍ ሴኮያዎችን ገንድሶ ጥሏል። ይህን ሁሉ ግንድ በእሳት ብቻ እናጽዳ ቢባል እሳቱ ራሱ ከልክ በላይ ይሆናል። በእኔ እምነት መጋዙ መቅደም ያለበት ቦታ አለ፤ መጋዝ ግን የሴኮያን ፍሬ አይከፍትም፣ አፈሩንም አይጠርግም።

ለማሪፖሳ መትረፍ ምክንያቱ አንድ ብቻ እንዳልሆነም ግልጽ ነው። በግሪዝሊ ጃይንት ዙሪያ የውኃ መርጫ ተተክሎ አየሩን ያረጥብ ነበር። በደኑ ውስጥ ያለው ጥንታዊ የእንጨት ጎጆ እሳት በማያስገባ ብርማ ሽፋን ተጠቅልሎ ነበር። ከ1,000 በላይ የእሳት አደጋ ሠራተኞች በቁልቁለቱ ላይ ሲደክሙ ሰነበቱ። እነዚህ ሁሉ ረድተዋል። ልዩነቱን የሚያሳየኝ ግን ሌላ ደን ነው፤ አልደር ክሪክ ይባላል። ሴቭ ዘ ሬድዉድስ ሊግ የተባለው የዛፍ ወዳጆች ማኅበር ገንዘብ አሰባስቦ ከግል ባለቤቶች የገዛው በ2019 ማብቂያ ነበር። የተከማቸውን ማገዶ ለማቃለል ዕቅድ እየወጣ ሳለ ዓመት ሳይሞላ ካስል እሳት ደረሰበት፤ በአሥሮች የሚቆጠሩ ታላላቅ ሴኮያዎች ነደዱ። በሁለቱም ደኖች ሴኮያው ያው ሴኮያ፣ ተራራውም ያው ሴራ ነው። አንዱ የሃምሳ ዓመት ሥራ ከኋላው ነበረው፤ ሌላው ግን ለመጀመር ጊዜ አላገኘም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የምንለው ተረት እዚህ ሲደርስ ትርጉሙ ይገለበጣል፤ በማሪፖሳ ሳይቃጠል ማጥፊያው ቅጠሉን ማቃጠል ሆኖ ተገኝቷልና።

ስለ አገራችን አንድ ነገር ሳልል ባልፍ ይከብደኛል። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠል የጓሳ ሣሩና አስታው ነድዶ፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተው ነበር። የአካባቢው ሰው በቅጠልና በአካፋ ሲታገል የነበረውን ምስል ያየ አይረሳውም። በባሌ ተራሮች የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ እረኞች ያረጀ አስታን ለግጦሽ ሲያቃጥሉ መኖራቸውን፣ በቅርቡ የተቃጠለና ገና የሚያቆጠቁጥ አስታም እሳትን በቀላሉ እንደማያሳልፍ አሳይተዋል። ሴኮያና አስታ አንድ አይደሉም፤ የካሊፎርኒያን መመሪያ ገልብጦ ባሌ ላይ መለጠፍ ስህተት ይሆናል። የባሌ እረኛ የትኛው ቁልቁለት በየትኛው ዓመት እንደተቃጠለ ያውቃል። ያንን ዕውቀት ወንጀል ብቻ አድርጎ ማየት ግን ሚዎኮችን ያባረረው ሰው የሠራውን ስህተት መድገም ይመስለኛል።

ዋሽበርን ገና ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ፣ ጁላይ 22 ቀን 2022፣ የደን አገልግሎቱ በሥሩ ባሉ 12 የሴኮያ ደኖች ማገዶ የመቀነስ ሥራ በአስቸኳይ እንዲጀመር አዘዘ። በሃምሳ ዓመት በዝግታ መሠራት የነበረበት ሥራ በወራት ተጀመረ፤ ወጣት ፈሮችን መቁረጥ፣ ክምር ማቃጠል፣ በታላላቆቹ ግርጌ ያለውን ቅጠል መጥረግ። በማሪፖሳም ቢሆን ሥራው አላለቀም። ሴኮያ በየመኸሩ ቡናማ የሆኑ ትናንሽ ቅርንጫፎቹን ያረግፋል፤ አንድ ዓመት የተጠረገው የግሪዝሊ ጃይንት ግርጌ በሚቀጥለው እንደገና ይሸፈናል።